ሐጂ ዘይኑና ያልቀረው ጣፋጭ

ባለፈው ዓመት፣ መኸሩ ገብቶ ገበያው በደመቀበት ሰሞን፣ የእህቴን ልጅ ሕይወትን ልጠይቅ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሄድኩ። ሕይወት የሥነ ምግብ ትምህርቷን ጨርሳ ውጫሌ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ሥራ ከጀመረች ብዙም አልሆናት። ቀኑ ዓርብ ስለነበር፣ ከሥራ ስትወጣ አብረን ወደ ሐይቅ ተመልሰን ሰንበትን ከእናቷ ጋር እንድታሳልፍ ተነጋግረናል። መኪናው እስኪሞላ ሻይ እንጠጣ ብዬ ከመናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ኬክ ቤት ይዣት ገባሁ።

ከጥጉ ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል። ነጩን ኮፍያና በትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉትን አረንጓዴ ፎጣ ሳይ ልቤ ጠረጠረ። ጠጋ ብዬ ባያቸው ጎረቤቴ ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ናቸው። ፊታቸው ካለው ሳህን ላይ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ተቆልሏል።

አንባቢዬ ለምን እንደደነገጥኩ እንዲገባው የእኒህን ሰው ነገር ማወቅ አለበት። ሐጂ ዘይኑ፣ በሐይቅ ሁላችንም በአጭሩ የምንጠራቸው እንደዚህ ነው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሙሸበክ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀጭኑን ሊጥ በጋለ ዘይት ላይ እንደ መረብ እያጠላለፉ ጠብሰው፣ ከፈላ የስኳር ውሃ ነክረው ሲያወጡት የሚያብረቀርቀው ነገር ዓይን ይስባል። በረመዳን ከመግሪብ ሶላት በፊት ደጃቸው ላይ የሚቆመው ሰልፍ መንገድ ይዘጋ ነበር። እኛ ክርስቲያኖቹም ለልጆቻችን ብለን እንሰለፍና ግማሹን መንገድ ላይ ራሳችን እንጨርሰዋለን።

ከዚያ ዓርብ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን ሐጂ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪማቸው ክኒናቸውን በሰዓቱ እንዲውጡ፣ በእግራቸው እንዲሄዱና ጣፋጭ እንዲቀንሱ መከራቸው። «ይቀንሱ» የምትለው ቃል ግን ከሐኪሙ ክፍል ተነሥታ ሐይቅ እስክትደርስ «አይቅመሱ» ሆና ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐቢባ ስኳሩን ከቤት አስወጡ፤ ትልቁን የሙሸበክ መጥበሻ ለዘመድ ሰጡ። ጎረቤቱም ባለሻይ ቤቱም ዘበኛ ሆነባቸው። ሐጂ የትም ሲገቡ፣ ገና ሳይቀመጡ «ለሐጂ ያለ ስኳር» ይባላል።

እንግዲህ እኒህ ሰው ናቸው ውጫሌ ላይ ሙሸበክ ፊት ተቀምጠው የተያዙት። ሰላም ስላቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉና እጄን ጨብጠው፣ «ምንይችል ልጄ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ አላየኸኝም» አሉኝ።

ወዲያው ሕይወትን አስተዋሉና የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁኝ። የእህቴ ልጅ መሆኗንና ሥራዋን ስነግራቸው ሳህኑን በፎጣቸው ሊሸፍኑት ሞከሩ። ሕይወት ግን ሳቋን እንደምንም ዋጥ አድርጋ፣ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሐጂ ሌላ መውጫ ሲያጡ ሁሉን ተናገሩ። ካለፈው ረመዳን ወዲህ፣ ጁምዓን ውጫሌ ካለ ወዳጄ ጋር እሰግዳለሁ እያሉ ለባለቤታቸው ይነግሯቸዋል። ሶላቱን በእርግጥ ይሰግዳሉ። ከዚያ ግን ማንም ወደማያውቃቸው ወደዚህ ቤት ገብተው፣ ሳምንት ሙሉ ያማራቸውን በአንድ ቁጭታ ይበላሉ። ሲመለሱ አፋቸው ይደርቃል፤ ራሳቸውን ይከብዳቸዋል፤ ለባለቤታቸው መዋሸታቸው ደግሞ ከሁሉ ይብስባቸዋል።

ሕይወት እስኪጨርሱ በጥሞና ሰማቻቸው። ከዚያ፣ «አባባ ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ዛሬ ከበሉት ሁሉ በጣም የጣፈጠዎት የትኛው ጉርሻ ነው?»

ጥያቄው እንግዳ ሆነባቸው። «የመጀመሪያው ነዋ» አሉ አሰብ አድርገው። «ሁለተኛውም ደኅና ነበር።»

«አምስተኛውስ?»

«አምስተኛውን… ወላሂ አላስታውሰውም።»

«እንግዲያው አምስተኛውን የበላው እጅዎ ነው፤ ምላስዎ አላወቀውም። ምላስዎ የፈለገው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነበር። የቀረውን የበሉት እስከ ሌላው ጁምዓ አላገኝም ብለው ስለፈሩ ነው።»

ሐጂ ሳህኑን አዩ፤ እሷንም አዩ። በመጨረሻ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ስንት ዘመን ጣፋጭ ስሠራ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም አሉ። የተረፈውን ሙሸበክ ሳይነኩት ተነሡና ሦስታችን አንድ ሚኒባስ ውስጥ ገባን።

መንገዱን በሙሉ ሲከራከሩ ነው የመጣነው። ሕይወት ጣፋጭ ይተዉ አልልም፣ አበላልዎንና አሠራሩን እንለውጠው ነው የምለው ትላለች። ሐጂ ደግሞ ጣፋጭ ማለት ስኳሩ ነው፣ ስኳሩን ከቀነሱለት የታመመ ሰው ምግብ ይሆናል ባይ ናቸው። ተሳፋሪው ጆሮውን አቁሞ ይሰማል። አንዳንዱም ጣልቃ እየገባ ለአንዱ ወይ ለሌላው ያግዛል።

«እሺ፣ ስኳሩ ይቅር» አሉ ሐጂ አንድ ቦታ ላይ፣ ያሸነፉ መስሏቸው። «ማሩስ? ማር እኮ ሺፋእ ነው። የአምባሰል ማር ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ።»

«መድኃኒትነቱን አልክድም፤ መድኃኒት ግን በማንኪያ ይወሰዳል እንጂ በጣሳ አይጠጣም» አለች ሕይወት። «ከደምዎ ሲገባ ማሩም እንደ ስኳሩ ነው የሚቆጠረው።»

ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ። ሐጂ ግን አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእኛ ብቻ እውነተኛውን ሕመማቸውን ነገሩን። የልጅ ልጃቸው ዑምኩልሱም ልትዳር ነው፤ ኒካሑ ቀርቧል። ወይዘሮ ሐቢባ ለእንግዳው የሚሆነው ጣፋጭ ተዘጋጅቶ ከደሴ እንዲመጣ ወስነዋል፤ ሐጂ ወደ ድስቱ እንዳይጠጉ ተብሏል። «የስንቱን ሰው ልጅ ሰርግ ሳጣፍጥ ኖሬ፣ የራሴን የልጅ ልጅ ሰርግ እንደ እንግዳ ቁጭ ብዬ ላየው ነው» አሉ።

ይህን ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። የያዛቸው የምላስ አምሮት ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው ዕድሜውን የሰጠውን ሙያ በአንድ ቀን «አትንካ» ሲባል ምን ያህል እንደሚጎዳ ከእኛ ከጎረቤቶቻቸው አንዳችንም አላሰብንበትም ነበር። ሕይወት እጃቸውን ያዘችና፣ ነገ ጠዋት ቤትዎ እመጣለሁ፣ ግን የውጫሌውን ነገር ለእትዬ ሐቢባ የሚነግሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት አለቻቸው።

በማግሥቱ ከሕይወት ጋር ወደ ሐጂ ቤት ሄድን። ወይዘሮ ሐቢባ ግቢያቸው ካለው የዘይቱን ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ተቀበሉን። ሐጂ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ነገሩን አንድ በአንድ ተናገሩ። ወይዘሮ ሐቢባ አልጮኹም። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ ሲናገሩም ወደ ሕይወት ዞረው ነው።

«ወንድሜን አሊን የቀበርኩት በዚሁ በሽታ ነው፤ መጀመሪያ ጣቱን ቆረጡት፣ ቀጥሎ እግሩን። ‹ትንሽ ናት፣ ምን ታመጣብኛለች› እያለ ነው የሄደው። አሁን አንቺ ደግሞ መጥተሽ ትንሽ ይቅመስ ልትይኝ ነው?»

ሕይወት ቀስ ብላ መለሰች።

«እትዬ ሐቢባ፣ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። በዚህ በሽታ አይቀለድም። ግን ዓመት ሙሉ ከለከሏቸው፤ እሳቸውም እርስዎ ከማያዩበት ሄደው ሳህን ሙሉ በሉ። ወንድምዎ ትንሽ ናት ሲሉ ትንሽዋ ምን ያህል እንደሆነች አብሯቸው የሚያይ ሰው አልነበረም። እኔ የምለው ትንሽ በእርስዎ ፊት የሚበላ ነው።»

ተነሥታ ቤት ውስጥ ካለው መደርደሪያ ላይ አንዲት የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አመጣችና ምንጣፉ ላይ አኖረቻት። በየቀኑ ሳይሆን ለበዓልና ለእንግዳ፣ ከዚህች ሳህን በማትበልጥ መጠን፣ በባዶ ሆድ ሳይሆን ጎመንና ምስር ከበሉ በኋላ፣ ስኳር ካለው ሻይ ጋር ሳይሆን ከውሃ ጋር፣ ከዚያም ወደ ሐይቁ ዳር እየሄዱ ሰውነትን ማንቀሳቀስ፤ ነገሩን እንዲህ አድርጋ አስረዳቻቸው። ክኒናቸውን መቼም እንዳያቋርጡ፣ ከምንም በፊት ደግሞ ሐኪማቸውን አማክረው የደም ስኳራቸውን እንዲለኩ አሳሰበች። ወይዘሮ ሐቢባ ሳህኗን አንሥተው ከፊትም ከኋላም አዩአት። ሐኪሙን እኔ ራሴ አብሬ ሄጄ እሰማዋለሁ፤ ልኬቱ ከባሰ ግን ያን ቀን ያበቃል አሉ። ሕይወት ተስማማች። በቀጣዩ ሳምንት እንዳሉት አደረጉ፤ ሐኪሙም ነገሩን ሰምቶ በዚህ መጠን ከሆነ ጥሩ ነው አለ።

በዚያን ዕለት ሕይወት የሰርጉንም ጣፋጭ ስኳሩን ቀንሰው ሐጂ ራሳቸው እንዲሠሩት ሐሳብ ስታቀርብ፣ ያልተስማሙት ሐጂ ብቻ ነበሩ። ይህ ለእኔ ለበሽተኛው ይሁን፣ ለሰርግ እንግዳ ግን ያልጣፈጠ ነገር አቅርቤ ስሜን አላጠፋም ብለው ድርቅ አሉ። ሕይወት የመለሰችው አንድ ነገር ነው። ስኳሩን ቀንሶ ጣዕሙን ማቆየት የሚችል ሰው በዚህ ከተማ ካለ እርስዎ ብቻ ነዎት አለቻቸው። ይህቺ ነገር ሽማግሌውን ነካካቻቸው። የቀረውን ቀን ጢማቸውን እያሻሹ ከቤት ወደ ግቢ ሲመላለሱ ዋሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሕይወት ከውጫሌ ስትመጣ ወጥ ቤቱ ተከፍቶ፣ ከሰሉ ተቀጣጥሎ፣ ሐጂ እጅጌያቸውን ሰብስበው አገኘናቸው። እንደዚያን ቀን ያለ ግርግር በቤታቸው አላየሁም። መጀመሪያ ፓፓያ ከቀረፋ ጋር ቀቀሉ፤ የሕፃን ምግብ ሆነና ወይዘሮ ሐቢባ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቀጥሎ የማሽላ ዱቄት በተምር ለውሰው ጋገሩ፤ ጥርስ የሚሰብር ድንጋይ ሆኖ ወጣ። ሐጂ ይህን ጊዜ፣ ነግሬሽ አልነበር አሉ ወደ ሕይወት ዞረው። እሷም እውነት ነው፣ ይህ አይበላም ብላ አመነች። እንዲህ በግልጽ ስታምንላቸው ተቃውሟቸው ላላ፤ እልሃቸው ግን ተነሣ።

ተምሩን ፍሬውን አውጥተው በጥቂት ውሃ ዘፈዘፉትና እስኪልም አሹት። ኦቾሎኒውን በዝግታ ቆልተው ገለባውን እፍ አሉበት። ሰሊጡን፣ ጠረኑ ግቢውን እስኪሞላው ድረስ አመሱት። የብርቱካን ልጣጭ ፍቀው፣ ሄል ወቅጠው ጨመሩ። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ጨው ቆንጠር አድርገው ጣል አደረጉበት። ወይዘሮ ሐቢባ ምን ነካዎት ሐጂ ሲሉ፣ ዝም በይ፣ ጨው እኮ ጣፋጩን ቀስቅሶ የሚያወጣው ነው አሏቸው። ሁሉንም አንድ ላይ ለውሰው፣ እንደ ብይ ትንንሽ አድርገው አድበለበሉና በሰሊጥ ላይ አንከባለሉት።

የመጀመሪያዋን የቀመሱት ራሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ። እኛ ፊታቸውን እናያለን።

«ሱብሐነላህ» አሉ በመጨረሻ። «ስኳር አልጨመርኩበትም አይደል?»

ሕይወት በደስታ አጨበጨበች። ተምርም በራሱ ስኳር አለው፣ ስለዚህ ልኩ አይረሳ ብላ አስጠነቀቀች። ግን አሰሩ፣ ማለትም ቃጫው፣ አብሮት ስላለ፣ ኦቾሎኒውና ሰሊጡም ስለተቀላቀሉት፣ ደም ውስጥ እንደ ስኳር ውሃው በአንድ ጊዜ አይፈስም፤ ደግሞ ያጠግባል አለች። ሐጂ ግን አሁን የሚሰሟት አይመስሉም። አዲስ ሐሳብ ይዟቸው ነበር። ሙሸበኩንም አንተወውም፣ አነስ አድርጌ ሠርቼ፣ በስኳር ውሃው መንከሬን ትቼ፣ በፈላ የብርቱካን ጭማቂ ብቻ እረጨዋለሁ አሉ። መጥበሻቸውን ከዘመድ ቤት እንዲያመጡላቸው ሰው የላኩት ወይዘሮ ሐቢባ ራሳቸው ነበሩ።

ሐጂ ወደ ሕይወት ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ አሸነፍሽኝ» አሏት። «እኔ ለካ ዘመኔን በሙሉ ጣዕሙን በስኳር ሸፍኜው ኖሬያለሁ። የብርቱካኑ ጠረን፣ የሰሊጡ ቅባት፣ ሄሉ፣ ሁሉም ዛሬ ነው የተሰማኝ።»

የኒካሑ ቀን ግቢው በድንኳን ተሸፍኖ፣ ሐይቅ ሁሉ የተጠራ መሰለ። ከአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ ገበሬ ዘመዶቻቸው ሳይቀሩ መጥተዋል። ወቅቱ ለእኛ ጾም ነበር። የተምሩ ጣፋጭ ግን ቅቤ የለበትምና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ አነሣ። ምግቡ ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ፣ ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ትሪውን ራሳቸው ይዘው ወጡ። ለያንዳንዱ ሰው ከያንዳንዱ ዓይነት አንድ አንድ ነበር የተሰጠው። መጀመሪያ እንግዳው ሐጂ ምነው ዘንድሮ ቆጠቡ እያለ ተንሾካሾከ። ሲቀምሱት ግን ከየጥጉ ማሻአላህ ይሰማ ጀመር። ሙሽራዋ ዑምኩልሱም ከመቀመጫዋ ተነሥታ የአያቷን ጉልበት ሳመች።

በዚህ መሐል፣ ትሪው ገና ሳይደርሳቸው፣ ሼህ ኑርዬ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሊወጡ ተነሡ። ሼህ ኑርዬ የሐጂ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። እሳቸውም የስኳር በሽታ ካገኛቸው ዓመታት አልፈዋል። ከሐጂ የሚለዩት የተባሉትን በመጠበቃቸው ነው፤ ከታመሙ ወዲህ ጣፋጭ በአፋቸው አልዞረም። ሰርግ ሲጠሩ ይመጣሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ምግብ ይበላሉ፤ ጣፋጩ ሊታደል ሲል ግን ማንንም ላለማስቸገር ቀስ ብለው ይወጣሉ። ሁላችንም ለምደነው ስለነበር ልብ የሚላቸው እንኳ አልነበረም።

ሐጂ ከበሩ ላይ ደረሱባቸው። በሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫው ላይ አንዲት የተምር ጣፋጭ አድርገው ያዙላቸው። ሼህ ኑርዬ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው፣ «ታውቃለህ እኮ ዘይኑ፣ ለእኔ አይሆንም» አሉ።

«የመጣሁት ስለማውቅ ነው። ምግብህን በልተሃል፣ ክኒንህን ውጠሃል፣ ይህቺም አንዲት ናት። አብረን እንበላታለን፤ ከዚያ አብረን እስከ ሐይቁ እንሄዳለን። እኔም ያንተው በሽተኛ ነኝ።»

ሼህ ኑርዬ ወደ ሕይወት አዩ። ሕይወት ራሷን ነቀነቀች። ቢስሚላህ ብለው ግማሿን ቆርሰው አፋቸው አደረጉ። ቶሎ አልዋጧትም። ጥቂት ቆይቶ እንባቸው በነጭ ጢማቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትምም። «ሰሊጥ አለበት» አሉ ብቻ። ወይዘሮ ሐቢባ ይህን ከድንኳኑ ውስጥ እያዩ ነበር። ዓይናቸውን ጠርገው፣ ሌላ ትሪ ሊያወጡ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ ሙዚቃው ገና መጀመሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። የሐጂ ልኬት ወርዶ ሐኪማቸው ደስ ብሎታል፤ አፌ ደረቀ፣ ራሴን ከበደኝ ማለት ቀርቷል። ወይዘሮ ሐቢባም ጎረቤት ዘንድ የሚጠጡትን ሻይ በአንድ ማንኪያ ስኳር ብቻ ማድረግ ጀምረው፣ አሁን ሙዙና ዘይቱኑ እንደ ድሮው ጣፋጭ ሆኖ ይሰማኛል ይላሉ። ምላስ ይለምዳል ያለችው ሕይወት ናት፤ እውነቷን ነው። ሐጂ የተምሩን ጣፋጭ አሠራር ለጠየቃቸው ሁሉ ያሳያሉ። ማኅበረሰባችን በሽታን ሲፈራ የሚወደውን ነገር ከሥሩ መንቀል ይቀናዋል፤ የተነቀለው ነገር ግን በሌላ በር ተደብቆ ይገባል። ሰው በልክ፣ ከምግብ በኋላ፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚበላው ጥቂት ጣፋጭ ደስታውን ይጠብቅለታል፤ ሐኪሙን የሚሰማና የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ጤናውንም አያጣም። ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው የጻፍኩት።

ሼህ ኑርዬን ዛሬ ሰርግ የጠራ ሰው እስከ መጨረሻው ያገኛቸዋል።